በ90ኛው ደቂቃ ያለቀስኩት ለቅሶ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ስልክህን እንደሸጥክ ስለሰማሁ ነው በወረቀት የምጽፍልህ።

ሐሙስ ማታ አክስትህ ከሐዋሳ ደውላ ነበር። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቷ ሠርግ ስታወራኝ ቆየች። አንድ ነገር እንዳለ ያኔውኑ ገባኝ። በመጨረሻ አወጣችው። የሁለት ወር ኪራይ አልከፈልክም። የምታመሸው ውርርድ ቤት ነው። ስትቆጣህም «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያበላሸብኝ፤ ካስያዝኩባቸው ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱ ገብተው ነበር» አልካት።

ልጄ፣ በኳስ ገንዘብ አታስይዝ።

ይህን የምልህ ኳስ የማያውቅ አባት ሆኜ አይደለም። ፋሲለደስ ስታዲየም በትከሻዬ ተሸክሜ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። በ2011 በመጨረሻው ቀን የሊጉ ዋንጫ ከፋሲል ከነማችን እጅ ወጥቶ ወደ መቀሌ ሲሄድ እራት አንበላም ብለን የተኛነው አንተና እኔ ነን። በ2013 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆንስ? በኮሮና ምክንያት ጨዋታዎቹ በሌሎች ከተሞች ስለነበሩ አፄዎቹን በቴሌቪዥን ብቻ እያየን ነው ዓመቱን የጨረስነው፤ ቢሆንም ፒያሳ ወጥተህ ስትጮህ አምሽተህ ድምፅህ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። እናትህ ዝንጅብል እየቀቀለች ስታጠጣህ ትዝ ይለኛል። ያ ደስታ ሳንቲም አልተያዘበትም። ለዚህ ነው ዛሬም ሳስታውሰው ልቤ የሚሞቀው።

አሁን የምነግርህን ግን ነግሬህ አላውቅም።

የ2005 ጥርን አታስታውሰው ይሆናል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ወር ነው። ጥምቀትን ቀሐ አክብረን፣ ሚካኤልን አስገብተን፣ በማግስቱ ጥር 13 ከዛምቢያ ጋር ገጠምን። አያትህ ያን ቀን ከአልጋው ቀና ብሎ «በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍነው በዚችው ዕለት ነው» አለኝ። ፍጹም ቅጣት ምት ስተን፣ በረኛችን በቀይ ወጥቶብን፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና አንድ ለአንድ ወጣን። ከዚያ በኋላ እኛ ሰዎች መሬት ላይ አልነበርንም። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ለዓለም ዋንጫ ብራዚል የገባን መሰለን። በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል ተብሎ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ደግመን ተነሳን። ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ለመጨረሻው የደርሶ መልስ ማጣሪያ በቃን፤ የደረሰን የዚያ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን ናይጄሪያ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሱቄ ውስጥ ከአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በቀር ሌላ ክር ማሽኔ ላይ አልተሰካም። ከቁርጥራጩ ለአንተም ትንሽ ሸሚዝ ሰፋሁልህ፤ የግራ እጅጌው ከቀኙ ትንሽ አጠር ብሎ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ። መስከረም ላይ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ 5,000 ብር ይዤ ነበር፤ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ልንቀይርበት ከእናትህ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ «ናይጄሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ያሸንፋችኋል» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ኢትዮጵያ በሜዳዋ አትሸነፍም» አልኩና 5,000ውን አስያዝኩ። ለሀገሬ የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ እሑድ። ሻይ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩህ። ጉንጭህ ላይ የተቀባው ባንዲራ በላብህ ቀልጦ አንገትህ ላይ ወርዷል። በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሱ መስመሩን አልፏል ብለን ጮኸን፣ ዳኛው አላጸደቀውም። በ56ኛው ደቂቃ የበኃይሉ አሰፋ ኳስ መረብ ውስጥ ስትገባ ቤቱ ተናጋ። ሰው ሁሉ ኢትዮጵያ እያለ ሲጮህ እኔ በልቤ ያልኩት «አሥር ሺህ» ነበር።

የናይጄሪያው ኢሜኒኬ በ67ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። አቻ ከወጣን ብሬ አይነካም። ስለዚህ ልጄ፣ ሀገሬ ሁለተኛ ግብ እንድታገባ አልጸለይኩም፤ ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅ ለመንኩ። ልጆቹ ወደ ፊት ሲሄዱ «ለምን አትመለሱም» እያልኩ ተናደድኩባቸው። የዓለም ዋንጫ በር ላይ ቆመን እኔ የምቆጥረው ደቂቃ ነበር። በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። ቁርጭምጭሚትህን ጨብጬ ኖሯል፤ «አባዬ አመመኝ» ስትለኝ ነው የለቀቅኩህ። ኢሜኒኬ አገባው። 2 ለ 1።

አለቀስኩ። አንተም ዞረህ አየኸኝና በዚያች አጭር እጅጌ እንባዬን ጠረግክልኝ። «አይዞህ አባዬ፣ እዚያ ሄደን እናሸንፋለን» አልከኝ።

እኔ ግን ያለቀስኩት ለብሩ ነበር።

ህዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን የብራዚል ነገር ሲያበቃ ሥራ አለብኝ ብዬ ከጎረቤት ልጆች ጋር ላክሁህ። ሥራ አልነበረኝም። ባዶ ማሽን እረግጥ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ማን አቅፎህ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እናትህን ደግሞ ብሩን ለጓደኛ አበደርኩት አልኳት፤ ሁለት ክረምት በሚያፈስ ማድ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ባልዲ አስቀምጣ ጋገረች።

አምና በአክስትህ ልጅ ሠርግ ላይ ተነስተህ «አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለኢትዮጵያ ነው» ስትል ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ብርሌውን አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩ። ያን ጊዜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ብነግርህ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስልክህ በእጅህ ይሆን ነበር።

አንተ ልጅ፣ ስማኝ! «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያበላሸብኝ» አትበለኝ። እኔንም ያበላሸብኝ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ውርርድ ቤቱ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ የራሱን ትርፍ አስቀድሞ ቆርጦ ነው የሚያስቀምጥልህ፤ ሰባት ጨዋታ ስትደርብ ሰባት ጊዜ ይቆርጥሃል። አሁን ደግሞ የጥሎ ማለፉ ወቅት ነው፣ በየማታው ጨዋታ አለ፣ በየማታው «ዛሬ አስመልሳለሁ» ትላለህ። አታስመልስም። በኳስ ገንዘብ አታስይዝ። በምትወደው ቡድን ላይ አታስይዝ፤ በምትጠላውም ላይ አታስይዝ።

ኪራዩን ለአክስትህ ልኬያለሁ፤ ለአከራይህ በእጇ ትከፍላለች። እስከ ሰኔ በአንተ እጅ ብር አይገባም። ስለጠላሁህ እንዳይመስልህ፣ የዓይኔ ብርሃን። ማታ ማታ እሷ ዘንድ እራት ብላ፣ ጨዋታ ካለም ከልጆቿ ጋር እዚያው እይ። የተበደርከው ሰው ካለ ስሙንና የብሩን መጠን በወረቀት ጽፈህ ለእሷ ስጣት፤ አንዱንም እንዳትደብቅ። የደበቅከው ነው የሚያድግብህ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት የ5,000ውን ነገር ለእናትህ ነገርኳት። ሰምታ ዝም አለች። ቡናውን እስከ በረካ አፈላችና ስኒዎቹን ስታጥብ «ልጁ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ታውቃለህ።

ደብዳቤውን ከሚያመጣልህ ልጅ ጋር ጋቢ፣ በሶና የተቆላ ሽምብራ ልከናል። ጋቢው ጠርዙ ተተርትሮ ነበርና ሰፍቼዋለሁ። በሶውን በውሃ ብቻ እንዳትበጠብጠው፣ ማር ከአክስትህ ውሰድ ብላለች እናትህ። የታሸገው ፌስታል ውስጥ ያቺን ትንሽ ሸሚዝ ታገኛለህ፤ ሳጥን ውስጥ ነበረች፣ አሁን ያንተ ናት።

አባትህ፣
ጎንደር