ለወንድሜ ለአቡሽ፣ ከዴልሂ

አቡሽዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? ኤልሲስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላስረዝመውም፤ እማዬ በስልክ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የፈተናው ውጤት ከተለጠፈ ወዲህ ከክፍልህ አትወጣም አሉ። ምግብ ሲቀርብልህ "በልቻለሁ" ትላለህ አሉ። ይባስ ብለህ ለእህታችን ለኤልሲ ሰርግ አልገኝም ብለሃል። "ዘመድ ሁሉ ፈተናው እንዴት ሆነ እያለ ሲጠይቀኝ ልዋል?" አልክ አሉ። እማዬ ይህን ያወራችኝ በሹክሹክታ ነው። አጠገቧ እንዳለህ ገብቶኛል።

የብሩን ነገር ልጨርስና ወደዚያ እመለሳለሁ። ልኬያለሁ፤ ነገ ባንክ ሄደህ አውጣው። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ይቅደም። ተሻለኝ ብላ እንዳታቋርጠው አደራህን። እዚህ ሆስፒታል ከማስተረጉምላቸው ያገራችን ሰዎች ውስጥ መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው አቁመው ስትሮክ የመታቸው አሉ። ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ለኤልሲ ስጣት። የተረፈው ያንተ ነው። ከየት አመጣሽው አትበሉኝ። ሥራው ጥሩ ነው። ሌሊት ለድንገተኛ ሲጠሩኝ ትንሽ ይደክመኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ጠፋሽ ብላችሁ አዝናችሁብኛል። ረስቻችሁ አይደለም። የእናንተን ድምፅ ሰምቼ ስልኩን ስዘጋ ሌሊቱ አይነጋልኝም። እና ከመደወል መላክ ይሻለኛል።

አሁን ስማኝ። የምኖርበትን ሰፈር አውርቼልህ አላውቅም። ኦልድ ራጂንደር ናጋር ይባላል። የተከራየሁት ለሥራዬ ስለሚቀርበኝ ነው፤ ሰፈሩ ግን የተፈታኞች ነው። ከመላው ሕንድ ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና ሊዘጋጁ የሚመጡ ልጆች በየጠባቡ ክፍል ተጨናንቀው ይኖራሉ። የሚያነቡበትን ወንበር በወር ይከራያሉ። ግድግዳው ሁሉ ባለፈው ዓመት ያለፉት ልጆች ፎቶ ነው። በ2024 ክረምት ላይ (የሕንዱን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) እዚሁ ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ የነበረ ማንበቢያ ጎርፍ ገብቶበት 3 ተፈታኞች ሞተዋል። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት፤ የኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነው።

ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው፤ ማጣሪያ፣ ዋናው ጽሑፍና ቃለ መጠይቅ። ዋናው ብቻ 9 ወረቀት ነው። በዓመት 1 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያመለክታል፤ የሚያልፈው ግን 1,000 አካባቢ ነው። ልዩ ኮታ የሌለው ሰው መፈተን የሚችለው 6 ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ዕድሜው ከ32 ሳያልፍ። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እዚህ ሰፈር ጉርምስናውን ጨርሶ እንደሚወጣ አስበው። ያላለፈው ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ሳምንት እኔ ጋ ይክረም።

የአከራዬ ልጅ ከነሱ አንዱ ነበር። ሁለቴ እስከ ቃለ መጠይቅ ደርሶ ወደቀ። ዕድሉን አሟጦ ሲጨርስ ቆራሌው መጥቶ ማስታወሻዎቹን በኪሎ ወሰዳቸው። ደረጃውን አብሬው አወረድኩ። ቆራሌው ሚዛኑን በእጁ አንጠልጥሎ ሕገ መንግሥቱን ለብቻ፣ ኢኮኖሚውን ለብቻ እያሰረ መዘነ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ልክ እንዳንተ በሩን ዘጋ።

የወጣው በፖሊሲ ሥራ ነው፤ ሕግና የመንግሥት ዕቅድ እያጠኑ ምክር መጻፍ ማለት ነው። እዚህ ከፈተና የወጡ ልጆች ብዙዎቹ ወደዚያ ይዞራሉ፤ መንገዱም ሰፍቷል። ፈተናውን የሚያወጣው ኮሚሽን ራሱ ከ2018 ጀምሮ ቃለ መጠይቅ ደርሰው ያልተመረጡትን፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ስማቸውንና ውጤታቸውን ለቀጣሪዎች ይፋ ያደርጋል። በ2015 የፕላን ኮሚሽኑን የተካው የመንግሥት አማካሪ ተቋም፣ ኒቲ አዮግ፣ ወጣት ባለሙያዎችን በኮንትራት ይቀጥራል። ፒአርኤስ የሚባል ተቋም ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ረቂቅ ሕጎችን ለፓርላማ አባላት እየተነተነ ያቀርባል።

ግን ልጁ መጀመሪያ የሞከረበት ቦታ አልተቀበለውም። አንድ ረቂቅ ሕግ ሰጥተው በሁለት ገጽ ጻፍልን አሉት። እሱም እንደ ፈተና ጻፈው። መግቢያ፣ ታሪካዊ ዳራ፣ ጥቅሙ፣ ጉዳቱ፣ በመጨረሻ ተስፋ የተሞላ መደምደሚያ። አንብበው ሲጨርሱ "ይህን ያነበበ የፓርላማ አባል ነገ ጠዋት ምን ብሎ ድምፅ ይስጥ?" ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው ይህን የነገረኝ። አቡሽዬ፣ አንተ ላይ እንዲሠራ የምፈልገው ይሄ ጥያቄ ነው። ፈተና ሁሉን ታውቃለህ ወይ ይልሃል። የፖሊሲ ሥራ ግን ማን ይከፍላል፣ ማን ይጎዳል፣ ማን ያስፈጽመዋል፣ የቀበሌዋ ጸሐፊ ወረቀቱ ሲደርሳት ምን ታደርጋለች ነው የሚለው።

ከዚያ ኤክሴል ቁጭ ብሎ ተማረ። የቤተሰብ ጥናት ዳታ እያወረደ ሠንጠረዥ መሥራት ለመደ። በአንድ ክፍለ ሀገር መንግሥት ፕሮግራም ገጠር ወርዶ የተማሪዎች ምሳ በትክክል መድረሱን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ አየ። በመዝገቡ ላይ የበላው ልጅና ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ቁጥሩ አይገጥምም ነበር። ለምን እንዳልገጠመ የጻፈው አጭር ማስታወሻ ነው አሁን ያለበትን ሥራ ያስገኘለት። ለፈተናው ያነበበው ሕገ መንግሥትና የበጀት አሠራር አልጠፋም፤ አለቆቹ የሚወዱለት እሱኑ ነው። አልደብቅህም፣ ደሞዙ ከመንግሥት ሹም ያንሳል፣ ኮንትራቱም በየጊዜው ያልቃል። ልጁ ግን ይስቃል፣ ይበላል፣ እናቱ ዳግም ቀና ብላ ትሄዳለች።

ያንተ ደግሞ አጠገብህ ነው። አፍሪካ ኅብረትንና ኢሲኤን (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን) ለጊዜው ተዋቸው፤ ልምድና ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃሉ። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት አለ። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የሲቪል ማኅበራቱም ጉዳይ እንደ ድሮው አይደለም። አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ አዋጅ 1113/2011 ያንን አንሥቶታል። ስለዚህ አጥንቶ የሚጽፍ ሰው የሚፈልጉ ድርጅቶች አሉ። ኢኑሜሬተርነትንም አትናቅ። ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት መጠየቅ ዲግሪ ላለው ሰው ውርደት ይመስልሃል፤ ዳታ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ግን ሪፖርቱን ሲጽፍ ያስታውቃል።

ድጋሚ ልፈተን ካልክ አልከለክልህም። እሱን ብቻ ይዘህ ዓመት አትቀመጥ ነው የምለው። አንድ ረቂቅ አዋጅ ምረጥ፣ በደንብ የምታውቀው ጉዳይ ይሁን። የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት ሲቀበል ቢጋብዙህ ምን ትላለህ? በሁለት ገጽ ጻፈው። መግቢያ አልፈልግም። ተርጉሜ ለአከራዬ ልጅ አሳየዋለሁ፣ ቃል ገብቶልኛል።

ስለ ኤልሲ ምን ልበልህ። ያቺን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። ቀሚሷን በፎቶ አየሁት፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ይጠብባል፣ ልብስ ሰፊው ይልቀቀው በላት። እኔ አልመጣም። የቪዛዬ ነገር ከወጣሁ መመለሱ ያስቸግረኛል፤ ለእማዬ ግን ፈቃድ ከለከሏት በላት። ድንኳን ሲጣል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ እማዬ መሐላቸው ቆማ ስታዝ ይታየኛል። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ወጥቻለሁ፣ ይህንንም እንዳትነግራት። አባባ የለም፣ እኔ የለሁም። ሚዜዎቹ ሲመጡ በሩን ማን ሊይዝ ነው? እሷስ ስትወጣ ማንን ስማ ትውጣ? ወንድሟ ክፍሉ ተዘግቶ ከሆነ ያን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

ሰዎች ይጠይቁሃል። ይጠይቁ። "አላለፍኩም፤ ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ" በላቸው። ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅም፤ ድግስ ላይ ሰው ወሬው ብዙ ነው።

ብሩን ስታወጣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የእማዬን ግፊት አስለክተህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ "ደህና ነው" አትበለኝ። ሁለቱን ገጽ ከሰርጉ በፊት እጠብቃለሁ። ዛሬ ማታ ከእማዬ ጋር አንድ ትሪ ላይ ብላ። ነገ ስደውል እጠይቃታለሁ።

እህትህ