ገብስማዋን አትጋቺያት

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እዚህ መሐል ሜዳ ውርጩ ባቄላውን እንዳይመታው ፈርተን ነበር፣ አለፈ። እናትሽ ትናንት የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ገብስማዋ ዶሮሽ ታማለች፣ አንቺ ደግሞ በሲሪንጅ ውሃ አፏ ውስጥ ትገፊያለሽ አሉ። ተይ! አትጋቺያት።

የዶሮ መተንፈሻ ምላሷ ሥር፣ መሐል ላይ ያለች ቀዳዳ ናት። አፏን ብትከፍቺ ስትከፈትና ስትዘጋ ታያታለሽ። የደከመች ዶሮ በግድ ስትጋት ውሃው በዚያ ገብቶ ሳንባዋ ይደርሳል።

መጀመሪያ አሙቂያት። ሰውነቷ ቀዝቅዞ የገባ ምግብ አይፈጭም፣ እዚያው ይኮመጥጣል። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ካርቶኑ ውስጥ አጠገቧ አድርጊ። ስትሞቅ ለብ ያለ ኦ አር ኤስ፣ ምግብ ከዚያ በኋላ።

ከፋርማሲ ለሕፃን መመገቢያ የሚሆነውን ለስላሳ ቱቦ ግዢ። ጫፉን በመቀስ እንዳትቆርጪው፣ ስለት ይሆናል። ዶሮዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዣት፣ ሌላ ሰው አንገቷን ወደ ላይ ያቅናልሽ። ቱቦውን ዘይት አስነክተሽ ከአፏ ግራ በኩል አስገቢና በጉሮሮዋ ቀኝ ጎን አውርጂው፤ ግራና ቀኝ የምልሽ የእሷን ነው። አንገቷን ስትዳብሺ ሁለት ነገር ሊታወቅሽ ይገባል፦ ቀለበት ቀለበት ያለው የአየር ቧንቧዋ ነው፣ ሌላው ያንቺ ቱቦ። ሁለቱን ካልለየሽ ምንም አትግፊ። ለመጀመሪያ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃታል፣ ቀስ ብለሽ። ፈሳሽ አፏ ላይ ብቅ ካለ ወዲያው ቱቦውን አውጪና ልቀቂያት፣ ራሷን አራግፋ ታወጣዋለች።

ምግቡ ቀጭን የአጃ አጥሚት ይሁን። አጥልይው፣ አለዚያ ቱቦውን ይደፍናል። እንደ እናትሽ አጥሚት ከሆነማ በአካፋም አይገፋ።

አያትሽ እጇ ደግ ነበር። ልጅ ሳለሁ አክስቴ አንዲት ቄብ ሰጠችኝ፣ እንቁላሏን ሸጬ ደብተር እንድገዛ። አንድ ጠዋት ክንፏን ጥላ ቆማ አገኘናት። አያትሽ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ በአረቄ በጥብጣ፣ ጉልበቷ ላይ ይዛ ጋተቻት። ልታድናት እኮ ነው! ዶሮዋ አንድ ጊዜ ተንፈራግጣ እጇ ላይ ቀረች። ሰፈሩ ሁሉ ፈንግል ነው አለ። ፈንግልማ ቢሆን ሌሎቹንም በጨረሳቸው፤ አንዷም አልተነካች። የእንስሳት ጤና ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ለእናቴ ምን ይረባታል? ያን ዓመት ደብተሩን የገዛችልኝ መቀነቷን ፈትታ ነው።

ብቻ አንቺ አትጋቻት።

አረንጓዴ ኩስ ከጣለች ወይም አንገቷ ከተጠመዘዘ ግን ቱቦውንም ተይው። ፈንግል መድኃኒት የለውም። ከሌሎቹ ለይያት፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ላልታመሙት ቶሎ ክትባት ጠይቂ። ቢሾፍቱ የሚመረት፣ ዓይናቸው ላይ የሚንጠባጠብ አለ። ሰው የሚውጠውን ቴትራሳይክሊን በጥብጠሽ እንዳትሰጫት ደግሞ።

ሥራ መቅረትሽንም ሰምቻለሁ። ለዶሮ ተብሎ? አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ብቻሽን ነሽ፣ ማታ ስትገቢ በር ላይ የምትቀበልሽ እሷ ናት። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው።

ነገ ጠዋት ከመመገብሽ በፊት ጉሮሮዋ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳብሺ። ባዶ ካልሆነ አትጨምሪ። ዳብሰሽ ደውይልኝና ሥራሽ ግቢ።

አባትሽ