የእማዬን ሰዓት ማን ቆጠረው?

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ባለቤትሽስ? እማዬስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ደመወዛችን ወሩን አያደርሰንም፣ አብዛኛው ለሆዳችን ነው የሚያልቀው» አልሽ። ሁለታችሁም ሥራ ውላችሁ ስትገቡ ምድጃ የመለኮስ አቅም የላችሁም። የተዘጋጀውን ገዝታችሁ ትገባላችሁ። እማዬ ደግሞ «ጥሬውን ገዝተሽ በእጅሽ ብትሠሪው ይኼ ሁሉ ብር አይባክንም» ትልሻለች። «አንተ ብቻህን እየኖርክ እንዴት ነው የምታደርገው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ብመልስልሽ አምስት ደቂቃ ሳይሞላን ሌላ ወሬ ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

እዚህ ስመጣ ሽንኩርት መላጥ እንኳን በቅጡ አልችልም ነበር። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስገባ የሚታየኝ አልጋው ብቻ ነው። ፍሪዘሩን ከፍቼ አንድ ካርቶን አወጣለሁ። ላዩ ላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ በሹካ እበሳዋለሁ። ማይክሮዌቭ ውስጥ፣ አምስት ደቂቃ። ሲወጣ ጠርዙ ይፈላል፣ መሃሉ በረዶ ነው። አማስዬ ሁለት ደቂቃ እጨምርበታለሁ። ቆሜ እበላለሁ። ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይርበኛል። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ወር ላይ ለእናንተ የምልከው አጠረኝ። በጣም ነው የከፋኝ። ያጠራቀምኳቸውን ደረሰኞች መሬት ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ደመርኩ። ካርቶኖቹ ናቸው የጨረሱኝ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የባሱት ግን ትናንሾቹ ነበሩ። የተከተፈ ካሮት። ታጥቦ በከረጢት የገባ ሰላጣ። የተፈቀፈቀ አይብ። ተቆርጦ በፕላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ ሐብሐብ። በኪሎ ሳሰላው ካልተከተፈው እጥፍ የከፈልኩበት ነበር፣ አንዳንዱ ከእጥፍም ያልፋል። ሌላ ሰው ለሁለት ደቂቃ ቢላዋ ስለያዘልኝ! ደግሞ አንዴ ቢላዋ የነካው አትክልት ቶሎ ይበላሻል። ግማሹን ጥዬዋለሁ።

ያን ጊዜ ማልኩ። ከእንግዲህ የታሸገ ነገር ቤቴ አይገባም፣ ሁሉንም ከጥሬው እሠራለሁ አልኩ። አስቤዛዬን በትልልቅ ከረጢት ተሸክሜ ገባሁ። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቦሎቄው፣ ሁሉም አለ። የሌለው ጉልበት ነው። ከአስር ቀን በኋላ የፍሪጁን የታች መሳቢያ ስከፍት ጎመኑ ቢጫ ሆኖ፣ ኪያሩ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። በቁም ነገር ነው የምልሽ፣ የዚያ ሳምንት ምግቤ ከካርቶኑ በላይ ነው ያስወጣኝ። ምክንያቱም የገዛሁትን ጥዬ፣ ሲርበኝ ደግሞ ሌሊት ከውጭ ገዝቼ በላሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት በኔ ደረሰ።

የቦሎቄውን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ጣድኩት። ሦስት ሰዓት ተንተከተከ። ስቀምሰው ጠጠር ነው። ውሃ እጨምራለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እቀምሳለሁ፤ ያው ጠጠር። በመጨረሻ እንደዛው አኝኬ ተኛሁ። ኋላ ነው የገባኝ። የቲማቲም አሲድ ጥራጥሬ እንዳይላላ ያደርገዋል። ቲማቲም የሚገባው ቦሎቄው በውሃ ብቻ በስሎ ሲያልቅ ነው። እማዬ ይኼን ድሮ ታውቀዋለች። እኔ ግን በልጅነቴ ድስቱ ሲወርድ እንጂ ሲጣድ ቤት ውስጥ ተገኝቼ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ስለ እማዬ አብዝቼ አሰብኩ። በትንሽ ገንዘብ ጠግበን ያደግን ልጆች ነን። «በዚህች ብር ይኼን ሁሉ ሰው አበላሁ» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ግን ሂሳቡ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ። ምስር ስትለቅም ትዝ ይልሻል? ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከእኛ ጋር እያወራች፣ እጇ ብቻውን ይሠራል። ጠጠሯን ሳታያት በጣቷ ታገኛታለች። ከዚያ ሽንኩርቱ አለ፣ ከዚያ እሳት ፊት መቆሙ አለ፣ ከዚያ ዕቃ ማጠቡ አለ። ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ከሁላችን በኋላ ነበር የምትተኛው። ያን ሰዓት ቆጥሮላት የሚያውቅ ሰው የለም። ስላልተቆጠረ ነው ምግቡ ርካሽ የሆነው። ርካሽ የሆነው ደግሞ ለእኛ ነው፣ ለእሷ አይደለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለሽ፣ ትራንስፖርት ስትጠብቂ አምሽተሽ ገብተሽ፣ እንደ እማዬ ካልሠራሁ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። እማዬ የምትነግርሽ ሂሳብ የራሷን ድካም ያላስገባችበት ሂሳብ ነው። አንቺ ስትደምሪ ሰዓትሽንም ደምሪው።

አሁን እኔ የማደርገው ይኼ ነው። አንድ የታሸገ ነገር ሳነሳ «ይኼ ፓኬት የሠራልኝ ሥራ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ድካም ያስቀረልኝ ከሆነ እገዛዋለሁ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ከሆነ እመልሰዋለሁ።

በቆርቆሮ የታሸገ ቲማቲም እገዛለሁ። ተልጧል፣ ተቀቅሏል፣ ውስጡ ከቲማቲምና ከጥቂት ጨው ሌላ ብዙ ነገር የለም። «ስጎ» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ግን ትቼዋለሁ፣ አብዛኛው ያው ቲማቲም ላይ ዘይትና ስኳር ጨምረው ነው። የቀዘቀዘ አተር እገዛለሁ። መፈልፈሉን ሞክሬዋለሁ፣ አያዋጣም። አተሩ እንደተለቀመ በፈላ ውሃ ትንሽ ለብ ተደርጎ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ፣ ሱቅ ውስጥ ቀናት ከሰነበተ «ትኩስ» አተር በጠቀሜታው እምብዛም አያንስም። ደግሞ አንድ እፍኝ አውጥቼ ሌላውን እመልሰዋለሁ። የሚበሰብስ ነገር የለም። ለብቻው ለሚኖር ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

እማዬ «የቆርቆሮ ምግብ መድኃኒት አለበት» ትላለች አይደል? ቀስ ብለሽ አስረጃት። ነገሩን የጀመረው ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ምግብ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ከነጠርሙሱ ቀቀለው። አልተበላሸም። በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸለመው። ቆርቆሮው የመጣው ከጠርሙሱ በኋላ ነው። ምግቡን የሚያቆየው በዋናነት ሙቀቱና አየር እንዳይገባ መታሸጉ ነው። ሊፈራ የሚገባው ያበጠ ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው፤ እሱን ሳይከፍቱ መጣል ነው።

ቦሎቄ ላይ ግን ጥሬው ያሸንፋል፣ በሰፊው። አንዱ 400 ግራም የሚለው ቆርቆሮ ውሃው ሲደፋ 240 ግራም ገደማ ነው የሚቀረው። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፣ 1.2 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አምስት ቆርቆሮ ማለት ነው። አምስት ቆርቆሮ የሚያወጣውን ከግማሽ ኪሎው ጋር አንቺው ሂሳብ ሥሪው።

አሠራሬን ልንገርሽ። ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፌው እተኛለሁ። እሁድ ጠዋት የዘፈዘፍኩበትን ውሃ እደፋና በአዲስ ውሃ እጥደዋለሁ። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ተጠንቀቂ። በደንብ ካልበሰለ ሆድ የሚያገላብጥ መርዝ አለው፣ ለማሳመም ጥቂት ፍሬ ይበቃል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት። በዝግታ እሳት ብቻ እንዲበስል መተው አደጋ ነው። እሳቱን የምትቀንሺው ከዚያ በኋላ ነው። የቆርቆሮው ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይኼ ሥጋት የለበትም። ፕሬዠር ድስት መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ጊዜውንም ጋዙንም በጣም ይቀንሳል።

እሱ ሲበስል እኔ አጠገቡ አልቆምም። ልብስ አጥባለሁ፣ እናንተ ጋር እደውላለሁ። አንድ ፍሬ አውጥቼ በሁለት ጣቴ ስጫነው ያለ ትግል ከተደፈጠጠ አበቃ። ከፍዬ በትናንሽ ከረጢት አደርግና ከረጢቱን ጠፍጣፋ አድርጌ ፍሪዘር እከተዋለሁ። ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሟሟል። ቀኑን እጽፍበታለሁ። ሌሊት ሠርቼ ስገባ አንድ ከረጢት፣ ግማሽ ቆርቆሮ ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፤ በ15 ደቂቃ ሾርባዬ ይደርሳል። ያው ፈጣን ምግብ ነው። ያሸግኩት እኔ መሆኔ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የተረፈ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ሩዝ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ውጭ ያደረ ሩዝ ቢሞቅም መርዙ አይጠፋም። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ ከዚያ አይበላ።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልበልሽ፣ ይኼ ሐሳብ ስለሆነብኝ ነው። በዚያ ሁለት ዓመት ሲርበኝ በቀን ሁለት ፓኬት ኑድል እበላ ነበር። አንድ ቀን ጀርባውን አነበብኩት፤ አንዱ ፓኬት 1,600 ሚሊግራም ሶዲየም ይላል። ሶዲየም የጨው አንዱ ክፍል ነው፤ ወደ ጨው ሲቀየር በ2.5 ይባዛል። 4 ግራም ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። እኔ በሁለት ሳህን 8 ግራም! የእማዬን ግፊት ታውቂያለሽ፣ የሷ ደም ነው ያለብን። ኑድሉን ከወደድሽው አብሮት የሚመጣውን የቅመም ዱቄት ሁሉንም አታፍስሺው። የቆርቆሮ ቦሎቄ ስትገዢም በውሃ እጠቢው፣ ከጨዉ የተወሰነው ይወርዳል።

ደግሞ ለምን ቶሎ ይርበኝ እንደነበር የሚያስረዳ ጥናት አነበብኩ። ኬቨን ሆል የሚባል የአሜሪካ ተመራማሪ በ2019 ያወጣው ነው። 20 ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ፋብሪካ ያዘጋጀውን፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ከጥሬው የተሠራውን አበሏቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና ጨው እኩል እንዲሆን አድርገው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ አሏቸው። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። በፍጥነትም ነበር የሚበሉት። ግን አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ እዚያው ጥናት ላይ የበለጠ ያስወጣው ከጥሬው የተሠራው ምግብ ነው። ስለዚህ «ቤት የተሠራ ሁሉ ይረክሳል» የሚልሽን ሰው አትስሚው። ምስር፣ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሽንኩርት ይረክሳል። ሥጋውና ፍራፍሬው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሰላም በይልኝና ይኼን ክፍል አንብቢለት። እወደዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው። ግን በድምፅ መልእክትሽ ላይ «እሠራለሁ»፣ «አልደርስም»፣ «ይደክመኛል» አልሽ እንጂ አንድም ቦታ «እንሠራለን» አላልሽም። ከታሸገው ወጥታችሁ ገንዘብ ልታተርፉ ከሆነ፣ ትርፉ ከአንቺ እንቅልፍ ብቻ መቆረጥ የለበትም። እሁድ ጠዋት አንዱ ቦሎቄውን ቢጥድ ሌላው ሽንኩርቱን ይክተፍ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከተማርኩት እሱም ይማራል። የሁለታችሁም ጉልበት ባለቀበት ቀን ደግሞ ካርቶኑን ግዙ፣ ሳትጨቃጨቁ ብሉት፣ ተኙ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማዬ ጋር ስትሄጂ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ በይ። ሳትነግሪያት በስልክሽ ሰዓት ያዢላት። ትሪውን ካነሳች ጀምሮ ድስቱ እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ፣
ወንድምሽ