13ቱ ሰዓት የመመለሻው ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አዲስ አበባና ዋሽንግተን በረራ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው ማለታችሁ ልክ ነው። እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ በደማቁ ከጻፋችሁት ርዕስ ጋር ነው፦ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በ13 ሰዓት»።

በየት በኩል? 13 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሙሉ መንገደኛና ሻንጣ ጭኖ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ቀድቶ መነሳት ይከብደዋል። ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ እየቆመ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው ለሽርሽር አይደለም። ከዚያ ሲነሳ ደግሞ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል። ሲደመር ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ዘጋቢያችሁ ግን ከእንጦጦ የወረደበትን ሰዓት ቆጥሮ መውጫውም ያው ነው አለን። ጎበዝ!

እናቴ እኛን ልትጠይቅ ስትመጣ ደብሊን ላይ የደረሰች መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። «እማማ፣ ገና ነው፣ ይቀመጡ» ያለቻትን አስተናጋጅ እስካሁን ትረግማታለች። ልጅቷ ምን ታድርግ?

ደግሞ እኛስ? «አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን» ብላችሁ ጀምራችሁ ዋሽንግተን ላይ ጨረሳችሁ። እኔ የምኖረው ዴንቨር ነው። እዚህም፣ ሲያትልም፣ ላስ ቬጋስም ሐበሻ ሞልቷል። ለእኛ ቤተሰብ ደለስ መድረሻ አይደለም። ፓስፖርት ማስመታት አለ። ሻንጣ መልቀም አለ። ጉምሩክ ስለ በርበሬውና ስለ ቅቤው ይጠይቃል። ሻንጣው እንደገና ይገባል፣ ከዚያ ሌላ አራት ሰዓት የሚጠጋ በረራ። መሀል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቁን አልቆጠርኩም። እናንተማ ምኑን ቆጥራችሁት!

ዘገባችሁ በወጣ ማግስት እናቴ ደወለች። ከዚያ ጉዞ በኋላ እግሯ አብጦ «ሁለተኛ አልሞክረውም» ብላ ነበር። አሁን ድምፅዋ ሌላ ነው። «መንገዱ አጠረ አሉ እኮ! ለፋሲካ መጣሁ» አለችኝ። እንዳላጠረ የምነግራት እንግዲህ እኔ ነኝ። ልጄ እንድመጣበት አልፈለገም ብላ ብታኮርፍ ሽማግሌ ትልካላችሁ?

ማረሚያ አውጡ። መሄጃውንና መመለሻውን ለዩ፤ ከዋሽንግተን ወዲያም ሰው እንዳለ ጻፉ። ደግሞ እንደልማዳችሁ ከታች ጥግ ላይ እንዳትወሽቁት። እናቴ የምታነበው ርዕሱን ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከዴንቨር