«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ኦቲዝም ላለባቸው ተመልካቾች ስለሚዘጋጅ የሲኒማ ፕሮግራም ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ድምፁ ይቀነሳል። መብራቱ ጨርሶ አይጠፋም። ተመልካቹ ቢነሳ ቢቀመጥ፣ ቢያወራ የሚቆጣው የለም። በአሜሪካ ኤኤምሲ የተባለው የሲኒማ ድርጅት ይህን ከጀመረ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሌሎች አገሮችም እየተለመደ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ጽሑፋችሁ ያልነካው አንድ ጉዳይ አለ። ተመልካቾቹ አዳራሹ ውስጥ በሰላም ይቀመጣሉ። ታሪኩ ራሱ ግን ብዙዎቹን ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ሥራዬ ፊልም ኤዲት ማድረግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ፊልም ነፍሱ ነው። አንድ ፊልም ከወደደ ሠላሳ አርባ ጊዜ ያየዋል። ንግግሩን ከነአተነፋፈሱ በቃሉ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ እኔ በሠራሁት ትዕይንት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ግማሽ የነበረው በሚቀጥለው ሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየው አንድ ምስል) ሙሉ ሆኖ መታየቱን ነገረኝ። ያንን ቦታ አራት ባለሙያዎች ደጋግመን አይተነዋል፤ አንዳችንም ልብ አላልነውም። ስለዚህ ሰው «እሱ እኮ ፊልም አይገባውም» ሲለኝ ያመኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ኤዲት አድርጌ የጨረስኩትን ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ቤት አመጣሁለት። ከሁሉም ሰው ቀድሞ እንዲያየው ነበር ፍላጎቴ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አለኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጢሙ ረጅም ነው። አሁን ተላጭቷል፤ መነጽርም አድርጓል። ጢሙን የተላጨው ስድስት ወር ማለፉን እንዲናገርልን ነው። ስክሪፕቱ ላይ «ከስድስት ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ ጽሑፍ ያምራል፣ ሰው ራሱ ይደርስበታል ብዬ። ወንድሜ ግን አዲስ ሰው የገባ መሰለው። ያኛው ባለጢም የት እንደገባ ሲጠብቅ ቆየ። እሱን እየጠበቀ ሌላው ሁሉ አለፈው።

ፊት መለየት ብዙ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ያስቸግራቸዋል። አውቅ ነበር። ወንድሜ እኔን እንኳ ፀጉሬን ስሠራ የሚለየኝ በድምፄ ነው። አውቄው ነው እንግዲህ ያንን ጽሑፍ ያወጣሁት።

ያን ቀን ፊልሙን 23 ጊዜ አቆምኩ። የጠየቀኝን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከምሠራበት ኮምፒውተር በላይ ተለጥፏል። «ይሄ አሁን ነው ወይስ ድሮ?» «ለምንድነው የምትስቀው? አዝናለች አላልሽኝም?» «ስልኩን የደወለው ማን ነው?» «ደህና ነኝ ካለች ለምን ሄዶ ያቅፋታል?» «ማንን ነው የምታየው?»

በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ ሙያ ያለው እሱ ውስጥ ነውና። አንዲት ሴት ወደ ጎን ታያለች። ቆርጠን ጠረጴዛ ላይ ያለ ቁልፍ እናሳያለን። ቆርጠን ወደ ፊቷ እንመለሳለን። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። አብዛኛው ተመልካች ቁልፉን እንዳየች፣ የማን እንደሆነ እንዳወቀች፣ ባሏ እንደዋሻት እንደገባት ይረዳል። አንድ ቃል አልተነገረም። ወንድሜ ያየው ሴት፣ ቁልፍ፣ ሴት ነው። ያየው በትክክል ያሳየነውን ነው።

ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባለው የሩሲያ ዳይሬክተር ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገውን ሙከራ ኤዲቲንግ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ምንም ስሜት የማይነበብበት የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹ ሾርባውን ሲያይ እንደራበው፣ ሬሳውን ሲያይ እንዳዘነ ተናገሩ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። እኛ ግማሹን እናሳያለን፤ ግማሹን ተመልካቹ ከራሱ ይሞላዋል። ትምህርት ቤት ይህን ስማር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይሞላዋል ብዬ ነው የያዝኩት።

እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ተመራማሪው አሚ ክሊንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። ኦቲዝም ላለባቸው 15 ወንዶችና ለሌሎች ኦቲዝም ለሌለባቸው 15 ወንዶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም የተወሰዱ ትዕይንቶችን አሳዩ። ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታተሉ። ኦቲዝም የሌለባቸው የተዋናዮቹን ዓይን ያያሉ። ያለባቸው ይበልጥ የተዋናዮቹን አፍ፣ ሰውነታቸውን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ያያሉ። ከዚሁ ምርምር የወጣ አንድ ምሳሌ ከአእምሮዬ አይጠፋም። አንዱ ገጸ ባሕርይ ግድግዳው ላይ ወዳለ ሥዕል በጣቱ ይጠቁምና ማን እንደሣለው ይጠይቃል። ኦቲዝም ያለበት ተመልካች ጣቱን አልተከተለም። ጥያቄውን ሲሰማ ሥዕል መፈለግ ጀመረ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ያለው ሥዕል ከአንድ በላይ ነው። ጥያቄውን ሰምቷል። ስለ ሥዕል መሆኑንም አውቋል። የትኛው እንደሆነ የነገረው ግን ጣቱ ብቻ ነበር።

ፍጥነቱን ደግሞ ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ በሆሊውድ ፊልም አንድ ሾት በአማካይ 12 ሰከንድ ገደማ ይቆይ ነበር። አሁን ወደ ሁለት ሰከንድ ተኩል ወርዷል። ወንድሜ ሾቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የሚያየው፤ መጋረጃውን፣ ሰዓቱን፣ የሸሚዙን ቁልፍ። አይቶ ሳይጨርስ ይሄድበታል። ሙዚቃውም አለ። ሁለት ሰዎች ወሳኝ ነገር በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ከሥር ሙዚቃው እየጮኸ ይሄዳል። እኛ ሙዚቃውን ወደ ኋላ ገፍተን ንግግሩን እንይዛለን። እሱ ሁለቱንም እኩል ነው የሚሰማው። ጆሮውን ይይዛል። ጆሮውን ሲይዝ ንግግሩም አብሮ ይሄዳል።

ምን ይደረግ ታዲያ? ፊልም ይቅለል፣ ሁሉም ነገር ይነገር እያልኩ አይደለም። የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሳነሳ መጀመሪያ የሚሉኝ «ታዲያ ምስጢሩ የት ሊሄድ ነው?» ነው። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ወንድሜ ምስጢር አይጠላም። ይህን ያወቅኩት በዚያው ቀን ነው። ፊልሙ ሲያልቅ አባትየው ይቅር ማለቱና አለማለቱ አይታወቅም። ወንድሜ ተጨንቆ «ይቅር አለው ወይስ አላለውም? ምኑ ነው ያመለጠኝ?» አለኝ። «ምንም አላመለጠህም። ፊልሙ ራሱ አይናገርም። ሆን ብለን ነው የተውነው፤ ማንም አያውቅም» አልኩት። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አባትየው አወራን። ይቅር የሚልበትን ምክንያትና የማይልበትን ምክንያት ሲደረድርልኝ እኔ ያላሰብኩትን ሁሉ አነሳ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያልተነገረውንና ያመለጠውን መለየት ካልቻለ ፊልሙን ሁሉ በጭንቀት ነው የሚያየው። አንድ ነገር ባልገባው ቁጥር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ለዓመታት እንደዚያ ሆኖ ነው አጠገቤ የተቀመጠው።

ለዓይነ ስውራን ምስሉን የሚተርክ ድምፅ አለ፤ የፈለገ ይከፍተዋል፣ ያልፈለገ መኖሩንም አያውቅም። መስማት ለተሳናቸው የተናጋሪውን ማንነት የሚነግር የግርጌ ጽሑፍ አለ። ቢቢሲ ተናጋሪዎቹን በቀለም ይለያቸዋል፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ውኃ ሰማያዊና አረንጓዴ። ወንድሜ ጆሮው ደህና ሆኖ ሁልጊዜ ይህን የግርጌ ጽሑፍ ከፍቶ ነው የሚያየው። ትረካውንም ሞክሮታል። ሰዎችን በስም መጥራቱ ጠቅሞታል። ግን ትረካው ባብዛኛው የሚታየውን ነው የሚናገረው። «ፊቷን ታዞራለች» ይለዋል። ፊቷን ስታዞር እሱም እያየ ነው። የፈለገው ለምን እንደሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር በሱሪ ዩኒቨርሲቲ ኪም ስታር የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ላይ ነው፤ ትረካው ኦቲዝም ላለባቸው ተመልካቾች ስሜትን እንዲነግር ሆኖ ቢጻፍስ በሚል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፊልሙ ሲቆም የሚመጣ አጭር ጽሑፍ ይኑር። ይህ ሰው ማን ነው፣ መቼ ነው፣ አሁን ሳይነገር የታለፈው ምንድነው። መልስ የሌለው ነገር ሲሆን ደግሞ «ፊልሙ ይህን አይናገርም» ይበል። አማዞን ፕራይም ላይ ኤክስሬይ የሚባል ነገር አለ፤ ፊልሙን ስታቆሙት በትዕይንቱ ያሉትን ተዋናዮችና የገጸ ባሕርያቱን ስም ያሳያል። ግማሽ መንገድ ተሄዷል። የቀረውን መጻፍ ለኛ ከባድ አይደለም፤ መልሱን እኛ እናውቀዋለን። እያንዳንዱን ሾት ለምን እንዳስቀመጥነው ተከራክረንበት ነው የሚገባው።

ድምፁም እንደዚሁ። ብዙ ፊልም ሲያልቅ ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ለየብቻ ይቀመጣል። በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሊገባበት የሚችለው ለዚህ ነው። ሙዚቃው ዝቅ ያለ ሁለተኛ ሚክስ (የድምፅ ቅንብር) ማውጣት የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ሌላው ከኤዲተሩ ወንበር ላይ የሚያልቅ ነው። ሰውዬው ሲላጭ ኮቱ አይቀየር። ወደ ኋላ ስንመለስ ዓመቱ ይጻፍ። ቁልፉ አንድ ሰከንድ ይጨመርለት። አንድ ሰከንድ ፊልም አይገድልም።

ለሁሉም ይሠራል አልልም። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የተወሳሰበ ታሪክ ከኔ በተሻለ የሚከተሉ አሉ። ንግግር ጨርሶ የማይጠቀሙም አሉ። ወንድሜ ፊልሙን ከማየቱ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ ይወዳል፤ ሌላው ይህን ቢያደርጉበት ይናደድ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲፈልጉ የሚከፍቱት፣ ሳይፈልጉ የሚዘጉት መሆን ያለበት። ለዚህም ነው ረቂቁ ገና ሳያልቅ እነሱን ጠርቶ ማሳየት የሚያስፈልገው። ለሙያቸው ደግሞ ይከፈላቸው፤ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ፊልም ይህንኑ አደረግኩ። ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ረቂቁን አዩ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ሕልም መሆኑን ያልተናገርንበት ትዕይንት ላይ። ዳይሬክተሯ ገጸ ባሕርይዋ ስትነቃ የሚያሳይ አንድ ሾት እንድጨምር ፈቀደች። አራት ሰከንድ። ፊልሙ ወጥቶ ስለዚያ ሾት ቅር ያለው ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የዳይሬክተሯ እናት ግን መጀመሪያ ያየችው ቅጂ ላይ ሕልሙ እንዳልገባት፣ ለመጠየቅ አፍራ እንደተወችው ነግራኛለች።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ስለነዚህ ፕሮግራሞች ዳግመኛ ስትጽፉ ኃላፊዎቹንና ወላጆችን ብቻ አትጠይቁ። ከአዳራሹ የሚወጡትን ተመልካቾች ጠይቁ። ድምፁ ተስማማችሁ ወይ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ምን ነበር፣ የትኛው ቦታ ላይ ጠፋባችሁ በሉልኝ። ሳትቸኩሉ ጠብቋቸው፤ መልሱ ይመጣል።

የወንድሜን 23 ጥያቄዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። እሱ ራሱ ፈቅዷል። ቦታ ካላችሁ አትሙት። ቦታ ከጠበባችሁ ግን 14ኛውን ብቻ እንኳ አትሙልኝ ብሏል፤ አንድም ቃል ሳይቀየር። «ሞቷል? ሲሞት እኮ አላየሁም። ማነው ያየው?»

አክባሪያችሁ
የፊልም ኤዲተር