አባባ፣ ዋንዛዎቹ እንዳይቆረጡ

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ? ጠብታውን ጠዋትና ማታ ሳይረሱ ያድርጉት፣ አደራ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ሚጣ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ባለፈው ስልክ ላይ፣ ወንድሜ ዘጌ ቡናችን ውስጥ በሐይቁ በኩል ያሉትን የጥላ ዋንዛዎች ሊሸጥ እንዳሰበ ነገሩኝ። ጣውላው ባሕር ዳር ጥሩ ያወጣል፣ ቡናውም ፀሐይ ያገኛል ብሏል አሉ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልለምንዎ፦ ዋንዛዎቹ እንዳይቆረጡ። ምክንያቴ የሚጀምረው ከዚህ አገር ወፎች ነውና ትንሽ ይታገሱኝ።

የሌሊት ሥራ ላይ መሆኔን ያውቃሉ። ዋሽንግተን መሀል፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ በር ላይ ነው የማድረው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት ልደታ ማግስት ድረስ፣ ሲነጋ ከመስታወቱ ሥር ትናንሽ ወፎች ወድቀው አገኛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷን አንስቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ጀርባዋ የወይራ ቅጠል ይመስላል። ደረቷ ነጭ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወርዶበታል። አናቷ ላይ ብርቱካናማ መስመር አለ፣ ግራና ቀኙን ጥቁር የያዘው። እግሯ ሮዝ ነው፣ ቀጭን። ሰውነቷ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ኦቨንበርድ ትባላለች። የብርዱን ወራት መካከለኛው አሜሪካ ወይም የካሪቢያን ደሴቶች ላይ ከርማ፣ ወልዳ ለማሳደግ ወደ ሰሜን ጫካ ስትመለስ ነው እዚህ መስታወት ላይ የቀረችው።

እነዚህ ዋርብለር የሚባሉ ወፎች ናቸው። እዚህ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ50 በላይ ዓይነት አሉ፣ አብዛኞቹ ጣት የሚያካክሉ። የሚጓዙት በሌሊት ነው። ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የተረጋጋ ነው፣ ጭልፊትም የለም፣ ቀኑን ደግሞ ለመብል ይፈልጉታል። ችግሩ የከተማ መብራት ነው። መብራቱ ይስባቸውና ያደናግራቸዋል፣ ሲነጋ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ዛፍ ታይቷቸው ይገቡበታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ቺካጎ ላይ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ሥር በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞተው ተገኙ፣ ብዙዎቹ ዋርብለሮች ነበሩ። በዓመቱ መስታወቱ ላይ ወፎች የሚያዩት ነጠብጣብ ለጠፉበት፣ ሞቱም በእጅጉ ቀነሰ። እኛ ሕንፃ ግን እስካሁን ምንም አልተደረገለትም። ለኃላፊዎቹ ጽፌያለሁ፣ እንደገናም እጽፋለሁ። ጠዋት ጠዋት በጎ ፈቃደኞች እየመጡ የሞቱትን ይመዘግባሉ፣ የተረፉትን በወረቀት ከረጢት ይዘው ለሕክምና ይወስዳሉ። ወፎቹን ማወቅ የጀመርኩት ከእነሱ ጋር ነው።

አሁን ከሥራ ስወጣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ጎራ ሳልል ቤት አልገባም። ከተማው መሀል ያለ፣ ወንዝ የሚያቋርጠው ትልቅ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ነው የተከለለው። ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩት ወፎች ሲነጋ ከሥራቸው አረንጓዴ ያዩት እዚያ ብቻ ስለሆነ ተንጋግተው ይወርዱበታል። ያኔ የሚሰማውን ድምፅ፣ አባባ፣ እርስዎ ቢሰሙት! ዜማ የለየ ጆሮ ስላለዎት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ነበሩ የሚለዩአቸው። ኦቨንበርድ ዝቅ ብላ ትጀምርና እየጮኸች፣ እየጮኸች ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ጫካውን ትሞላዋለች። አንዲት ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለባት አለች፣ ግንድ ላይ ተለጥፋ ወደ ላይም ወደ ታችም እየተራመደች ቅርፊቱን ትፈለፍላለች። የእሷ ድምፅ የመርፌ ያህል ቀጭን ነው። ብዙዎቹ ወንዶች ሁለት ዓይነት ዜማ አላቸው። አንዱን ሴቷ አጠገብ ያዜሙታል፣ ሌላውን ወሰን ላይ ጎረቤት ወንድ ሲመጣባቸው። ይህንን ስሰማ እርስዎ ነዎት ትዝ ያሉኝ። ቅጂውን ለሚጣ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ታሰማዎት።

ከሁሉም በላይ ያስገረመችኝ ብላክፖል የምትባለው ናት። ክብደቷ 12 ግራም ገደማ ነው፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል። የምትወልደው አላስካና ካናዳ ጫካ ውስጥ ነው። በመፀው እየበላች፣ እየበላች ክብደቷን እጥፍ ልታደርስ ትቃረባለች። ከዚያ እናንተ ደመራ በምታበሩበት ሰሞን ገደማ ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ተነስታ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ትገባለች። እህል የለ፣ ውሃ የለ፣ ማረፊያ የለ። ሁለት ወይም ሦስት ቀንና ሌሊት ሳታቋርጥ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ በርራ ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ታርፋለች፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አሜሪካ ትቀጥላለች። ይህ ለረጅም ጊዜ ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርባቸው ላይ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነች መሣሪያ ያሰሩ ሰዎች ናቸው ያረጋገጡት።

እንግዲህ ወደ ቡናው ልመለስ። እዚህ በሙቀቱ ወራት ያየናቸው ወፎች ብርዱን የሚያሳልፉት የት መሰለዎት? ኮሎምቢያ፣ ጓቲማላ፣ ጃማይካ፣ ብዙ ቦታ ቡና ውስጥ ነው፣ በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ውስጥ። እዚያም እንደ ወንድሜ ያለ ሐሳብ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ፀሐይ የሚችል የቡና ዝርያ እየተከለ፣ የጥላ ዛፉን የቆረጠ ገበሬ ብዙ ነው። መጀመሪያ ምርቱ ይጨምራል፣ ይህንን አልክድም። ግን ማዳበሪያውም፣ የተባይ መድኃኒቱም አብሮ ይጨምራል፣ አፈሩም በዝናብ ይታጠባል። ወፉም ይሄዳል። ጃማይካ ላይ ተመራማሪዎች የተወሰኑ የቡና ዛፎችን ወፍ እንዳይገባባቸው በመረብ ሸፍነው ነበር። ወፍ የማይደርስባቸው ላይ የቡናን ፍሬ የሚሰረስረው ጥቁር ነቀዝ በዛ፣ ወፍ የሚገባባቸው ላይ ግን ያነሰ ነበር። ነቀዙን ከሚለቅሙት ዋነኞቹ እነዚሁ ዋርብለሮች ናቸው። ያ ነቀዝ መነሻው አፍሪካ እንደሆነ ያውቃሉ? የእኛው ነው።

የእኛ ወፎችስ? ከመስከረም በኋላ ሐይቁ ዳር፣ ከከብቶቹ እግር ሥር እየተሯሯጠች ዝንብ የምትለቅመውን፣ ሆዷ ቢጫ የሆነውንና ጭራዋን የምታወዛውዘውን ያስታውሳሉ? እሷ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ነው የምትመጣው። ቡናው ውስጥ ከቅጠል ቅጠል እየዘለሉ ትል ከሚለቅሙት ደቃቃ አረንጓዴ መሰል ወፎችም እንዲሁ ከሩቅ የመጡ አሉባቸው። አንዷ ዊሎው ዋርብለር ናት። ስሟ ከዚህኞቹ ጋር ቢመሳሰልም ዘሯ ሌላ ነው። እሷም 10 ግራም ገደማ ናት፣ ግን ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የተነሱ የተወሰኑት ወደ 13,000 ኪሎ ሜትር በርረው ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ድረስ ሲደርሱ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለች ወፍ ደክማ መጥታ ዋንዛውን ብታጣው የት ታርፋለች? ዘጌ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በሬ የማይጠመድበት ምድር ነው እየተባለ የኖረ ነው። ደኑ የተረፈው በዚያ ነው። ዙሪያውን ያለው መሬት ምን ያህል እንደተራቆተ ታንኳ ላይ ሆነን እናየው አልነበር?

ዛፍ ሲጠፋ የሚሆነውን እዚህ በደንብ ዓይቼዋለሁ። ባክማን የምትባል ዋርብለር ነበረች፣ በዚህ አገር ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ረግረጋማ ጫካና ሸምበቆ ውስጥ የምትኖር። ጫካው ተመነጠረ፣ እሷም ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት ጨርሳ ከምድር መጥፋቷን አወጀ። በሌላ በኩል ሚሺጋን ውስጥ ኪርትላንድ የምትባለው አለች። የምትወልደው ከቃጠሎ በኋላ በበቀለ ወጣት ጥድ ሥር ብቻ ነው፣ ጥዱ ካደገ ትታው ትሄዳለች። ሰዎች እሳቱን ሁሉ ሲያጠፉት ወጣት ጥድ አጣች፣ ሌላ ወፍም ጎጆዋ ውስጥ እንቁላል እየጣለ አስቸገራት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቆጠሩ የሚያዜሙት ወንዶች 167 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ጥድ በተራ እየተከሉ፣ እየቆረጡ፣ እንደገና እየተከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣች። ይህንን የሠራው ሰው ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ይሆናል።

ስለዚህ ለወንድሜ እንዲህ ይበሉልኝ። ገንዘብ ካስፈለገው በመንገዱ በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ ይሽጥ፣ እሱ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ለቤቱ ጣራ የሚያስፈልገውን ቆርቆሮ እኔ እችላለሁ፣ በሚቀጥለው ደመወዝ እልካለሁ። ዋንዛዎቹ ላይ ያረጁትን ቅርንጫፎች ብቻ ይመልምል፣ ቡናው በቂ ብርሃን ያገኛል። በጥላ ሥር ለሚበቅል፣ ወፍ ለማያሳድድ ቡና የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የምርምር ማዕከልም አለ፣ እዚሁ ሮክ ክሪክ አጠገብ ያለው የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ ነው። የዘጌ ቡና ማመልከት ይችል እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ማኅበሩም ይስማበት።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ። ወንድሜም ቤት እንዲሆን ይንገሩልኝ፣ በራሴ አፍ ላስረዳው። እናቴን ሳሙልኝ።

ልጅዎ