ሦስት እሳት ለማንደድ፦ ከወለቃ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጎንደር ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ፤

ገንዘብ ልለምናችሁ ስለሆነ ውድቀታችንን አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ነሐሴ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወለቃ ላይ፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ የጭቃ እቶን ሠርተን ከድንጋይ ብረት ልናወጣ ሞክረን ነበር። ክረምት ነው፤ ጭቃው አልደረቀም። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ንፋሱ በስንጥቁ ወጣ፣ እሳቱም ቀዘቀዘ። በማግስቱ ስናፈርሰው ያገኘነው ከወናፉ ንፋስ በሚያስገባው የሸክላ ቧንቧ አፍ ላይ የተጋገረ፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ነበር። እሳት ይችላል ተብሎ የተሸጠልን ጡብም ተራ ጡብ ሆኖ ተገኘ። ሻጩን ልወቅስ ብዬ ነበር፤ ግን ሳንፈትን የገዛነው እኛው ነን።

ይህን ሥራ የሚመሩልን አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አባባ ብቻ እላቸዋለሁ። ልጅ ሳሉ ለአባታቸው ወናፍ ይነፉ ነበር፤ አባታቸው ከድንጋይ ብረት ሲያወጡም ሁለት ጊዜ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም እንደ ሌላው ቀጥቃጭ የሚሠሩት ከተጣለ ብረት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ የምትገዙት ማረሻና ማጭድ ከአሮጌ መኪና ባለስትራ ወይም ከፌሮ ቁራጭ የተቀጠቀጠ ነው። መጥፎ ብረት ነው ማለቴ አይደለም፤ ባለስትራ እንዲያውም ግሩም ማጭድ ይወጣዋል። ግን ድንጋዩን አይቶ የሚለይ፣ እቶኑን የሚያቆም፣ የእሳቱን ቀለም የሚያነብ ሰው እየጠፋ ነው።

የወለቃ ነገር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከእጃቸውም ብዙ ሙያ አብሮ ሄደ። ስለ አገራችን ብረታ ብረት ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውንና ዛሬም መቅደላ ላይ ያለውን ሴባስቶፖል ነው። ይጠቀስ። ነገር ግን ገበሬው በየዓመቱ መሬቱን የሚገለብጥበትን ማረሻ የሠራው ሰው ሲያልፍ "ቡዳ ነው፣ ዓይኑን አትዩት" ተብሎ ልጆች ወደ ቤት ይገቡ ነበር። አባባ ስማቸውን የደበቁት ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባችሁ አልቀረም።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ምን ላይ ገንዘባችሁን እንደምታወጡ ማወቅ አለባችሁ።

አባባ ድንጋዩን መጀመሪያ በመዳፋቸው ያመዛዝኑታል። ከመጠኑ በላይ የከበደውን ይመርጡና በገል ላይ ይፈትጉታል፤ ቀይ ወይም ቡናማ መስመር ካሰመረ ወደ ጎን ያስቀምጡታል። ቀይ አፈር ሁሉ ማዕድን አይደለም። የአፈራችን ቅላት ከብረት ነው፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ሄማታይት የሚባለው ጥሩ የብረት ማዕድን ግን ከክብደቱ 70 በመቶው ያህል ብረት ነው። የተመረጠው ድንጋይ ፍም ውስጥ ያድርና ጠዋት ይፈጫል። ልጄ የተሰበረ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያገኘውን ማግኔት ሲያስጠጋለት፣ ትናንት ምንም ያልሳበው ድንጋይ ዱቄቱ እንደ ጢም ቆሞ ተጣበቀበት። አባባ ማግኔቱን ተቀብለው ሦስት አራት ጊዜ ደጋገሙት፤ አባታቸው ይህ አልነበራቸውም።

ብረቱ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ከኦክስጅን ጋር ተቆራኝቶ ነው። ከላይ ከሰልና ማዕድን በየተራ ይጨመራል፣ ከታች በወናፍ ይነፋል። ከሰሉ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ጋዝ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። እቶኑ ውስጥ ግን ያው ገዳይ ኦክስጅኑን ከድንጋዩ ነጥቆ ይሄዳል፣ ብረቱ ይቀራል። እቶኑን የምናነድበት ዳስ ግድግዳ የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣሪያ ብቻ።

ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጭቃ እቶን ያን ያህል አይደርስም፣ መድረስም የለበትም። 1,200 አካባቢ ሲሆን ቆሻሻው ቀልጦ ይወርዳል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ይጣበቅና እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ የበዛበት ትኩስ ጉብታ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። እሱን በጉጠት አውጥቶ ሳይበርድ መቀጥቀጥ ነው፤ በመዶሻው ምት ውስጡ የቀረው ዝቃጭ እየተፈናጠረ ይወጣል። ከ25 ኪሎ ማዕድን 5 ኪሎ ደህና ብረት ካገኘን እልል እንላለን።

"ለምን ዘመናዊ ማቅለጫ አትገዙም?" ያላችሁኝ አላችሁ። ትልቁ የብረት ፋብሪካ ኮክ የሚባል ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማገዶና የኖራ ድንጋይ እየተጨመረለት ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ለዓመታት የሚነድ ነው፤ የመንደር ጉዳይ አይደለም። አሉሚኒየምም በከሰል አይወጣም፣ ኦክስጅኑን አጥብቆ ይዟልና። ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ነው፤ ለአንድ ቶን ከ13,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ያረጀ ድስት አቅልጦ አዲስ ድስት ማውጣት ግን 660 ዲግሪ ብቻ ስለሚፈልግ ወደፊት እናስብበታለን። ወርቅ በሜርኩሪ ማውጣት ላሳያችሁ ያለንን ወንድም አመስግነን መልሰነዋል። የሜርኩሪ ትነት ልጆች ባሉበት አይሞከርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የምንፈልገው ከጥምቀት በኋላ፣ በደረቁ ወር፣ ሦስት ጊዜ ለማንደድ ነው። ሦስት ያልኩት አንዱ ሊከሽፍ ስለሚችል ነው፤ ከነሐሴው በኋላ ሁለተኛውም ቢከሽፍ አልገረምም። የአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከደብተራቸው ላይ ብቻ የሚያውቁትን በዓይናቸው ያያሉ፣ ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ቀራጩ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራልን። ለዳሱ ምሰሶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር 78,000 ብር፣ ለ12 ማዳበሪያ ከሰል 18,000፣ ለመነጽር፣ ለቆዳ ጓንት፣ ለጉጠትና ለመስፍ 30,000፣ ለአባባና ለሁለት ረዳቶቻቸው የቀን አበል 24,000፤ በድምሩ 150,000 ብር። በእጃችን 41,300 አለ። የጎደለው 108,700 ነው። ከሰሉ ከባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ የወይራ ከሰል ይሻላል የሚሉን አሉ፣ ይሻል ይሆናል፣ ግን አንገዛም። የሸክላ ቧንቧዎቹን ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን በነፃ ይሠሩልናል፤ ነሐሴ ላይ ሳይሰነጠቅ የቀረው ነገር የእነሱ ቧንቧ ብቻ ነበር።

የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ የእድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል፣ አንዷ ከሸክላ ሠሪዎቹ ናት። ውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ባሉ ዘመዶቻችሁ በኩል ላኩ፤ ለእነሱ ደረሰኝ እንሰጣለን። የነሐሴውም ወጪ ከነደረሰኙ እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ፣ የጡቡም ጭምር።

ብር የሌላችሁ የጤፍ ጭድ አምጡ፤ ለጭቃው ብዙ ያስፈልገናል። ለወናፉ ደግሞ የአራት ፍየል ቆዳ ጎድሎናል። ለበዓል ያረዳችሁ ቆዳውን ሆዱ ላይ አትቅደዱት፤ እንደ ስልቻ ሙሉውን ይገፈፍ። ጸጉሩንም አትንኩት፣ እሱን አባባ ራሳቸው ማንሳት ይፈልጋሉ።